ዝንባሌ ከየት ይገኛል?

ከተማሪዎች ዘንድ፣ እንዲሁም በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ከገቡት ወጣት ሠራተኞች ዘንድ አዘውትሮ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «እኔ የተፈጠርሁበት ሥራ የትኛው ነው? ዝንባሌዬንስ እንዴት አድርጌ ልወቀው?» የሚል ነው። ሰው እንጀራውን ካገኘ በኋላ ይህን ሁሉ ምን ያስጠይቀዋል የሚሉ ሽማግሌዎች አይጠፉም። እኛ ግን ጥያቄውን የጥጋብ ጥያቄ ነው ብለን አንንቀውም። ሥራውን ሳይወድ ሠላሳ ዓመት በአንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም፤ በሩ ላይ ቆሞ «ነገ ተመለስ» የሚባለው ባለጉዳይም ከጉዳቱ ተካፋይ ነው።

ዳሩ ግን በአጠያየቁ ላይ ጥቂት የምንለው አለን። ብዙዎቹ ወጣቶች ዝንባሌን እንደ ጠፋ በሬ አድርገው ያስቡታል። በሬው አንድ ቦታ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚያስፈልገው ዱካውን ተከትሎ መሄድ ብቻ ነው፤ ያገኘው ዕድለኛ ነው፤ ያላገኘውም ዕድሜውን ሙሉ ሲዞር ይኖራል። በዚህ አሳብ የተያዘ ወጣት የተሰጠውን ሥራ ሁሉ «ይህ የኔ አይደለም» እያለ በግማሽ ልብ ይሠራዋል። እውነተኛው ሥራ እስኪመጣ ድረስ በእጁ ያለውን እንደ አውቶቡስ መጠበቂያ ይቆጥረዋል። አውቶቡሱም አይመጣም።

አሳቡ ትክክል መሆን አለመሆኑን በባዶ ከመከራከር ይልቅ ሰዎችን አንሥቶ መመርመር ይሻላል። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የነቀምቴን መንገድ ይዘን ብንወጣ፣ ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ጉደርና እስከ ጅባት ሸነን ድረስ ያለው አገር ለዚህ ጥያቄ የሚበቃ ምስክር አፍርቷል። አምቦን ብዙ ሰው የሚያውቃት በጠርሙስ በሚሸጠው ውሃዋ ነው። እኛ ለዛሬው ከዚያው አገር ስለ ወጡ ሰዎች እንናገራለን።

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለዱት በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በምትባል ስፍራ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ አራት ወር አልሞላውም፤ አቡነ ጴጥሮስ በጠላት ጥይት ከተገደሉም ገና ሦስት ሳምንት አላለፈም ነበር። ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት ተወልደው ሁለቱን ቋንቋ ከቤት አገኙ። በአምቦ ትምህርት ቤት ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳሉ ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የሚተርክ ቲያትር ጻፉ፤ ቲያትሩም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ለመታየት በቃ።

እዚህ ላይ ቆመን «ተሰጥዖው በ13 ዓመት ተገለጠ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀጥ ያለ ነበር» ለማለት ይቃጣናል። ነገሩ ግን እንዲህ አልሄደም። ከአምቦ በኋላ የተማሩት በጄኔራል ዊንጌትና በአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው። ቀጥሎም ቺካጎ ከሚገኘው የብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 በሕግ ተመረቁ። ንግድና ሕግ! የዛሬ ወጣት ቢሆን «ዝንባሌዬን ገደሉብኝ» ብሎ በሚያማርርበት ስፍራ ላይ ነበሩ ማለት ነው። ደግሞም ያን ጊዜ የተውኔት ጸሐፊነት ደመወዝ የሚቆረጥለት ሙያ አልነበረም፤ ልጁ አዝማሪ ሊሆን ነው ብሎ የሚደነግጥ ዘመድ በየቤቱ ነበር። እሳቸው ግን ሕጉንም ተማሩ፤ ብዕሩንም አልጣሉም። ከዚያ ዩኔስኮ በሰጣቸው የትምህርት ዕድል በለንደን የሮያል ኮርትን፣ በፓሪስ የኮሜዲ ፍራንሴዝን አሠራር ተመልክተው ተመለሱና የያኔውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬውን ብሔራዊ ቲያትር፣ ለዓመታት መሩ። እ.ኤ.አ. በ1966፣ 30 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። «ሀሁ በስድስት ወር»ም፣ «እሳት ወይ አበባ»ም፣ የኦቴሎና የሐምሌት የአማርኛ ትርጉሞችም ያሉ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ አረፉ፤ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ሳይጠቀስ የማይታለፈው ግን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ነው። በተወለዱበት ክረምት የተገደሉትን ጳጳስ የመጨረሻ ሰዓት ይዘው ለመድረክ አበቁት። አንድ ሰው የሚጽፈውን ነገር ከየት ያመጣዋል ለሚል ጠያቂ ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም። ከጽሑፍ ትምህርት ቤት አላመጡትም፤ ተወልደው ካደጉበት ዘመን ውስጥ አነሡት።

ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ጊንጪን እናልፍና ወለንኮሚ እንደርሳለን። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት በዚህች ከተማ፣ አንድ ክፍል ብቻ ባላት፣ ወለሏ ጭቃ በሆነ የሣር ጎጆ ውስጥ ነው። እናታቸው በትምህርት የሚያምኑ ሴት ነበሩና ልጃቸው በሌላ ከተማ ገብቶ እንዲማር አመቻቹ። እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግር ይጓዙና ሳምንቱን ሲማሩ ሰንብተው ዓርብ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና በመልካም ውጤት ስላለፉ የገንዘብ ርዳታ አግኝተው ጅማ እርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያ ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ቀጠሉና እ.ኤ.አ. በ1973 በዕፀዋት ሳይንስ ተመረቁ።

አንባቢያችን ልብ ይበል። እስከዚህ ድረስ በታሪካቸው ውስጥ ማሽላ የሚባል ነገር አልተነሣም። ወለንኮሚ የጤፍና የስንዴ አገር ናት። ማሽላ የመጣው በዚያው በተመረቁበት ዓመት ነው። የኮሌጁ መምህራቸው ከአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከመጡ የማሽላ ተመራማሪ ከዶክተር ጆን አክስቴል ጋር አገናኟቸው፤ እንግዳውም በየአገሩ የሚበቅለውን የማሽላ ዓይነት በመሰብሰብ እንዲረዷቸው ጠየቋቸው። የ23 ዓመት ወጣት ነበሩ። ዘር ለቅሞ በየከረጢቱ መሙላትና ስም መጻፍ የማንም ሰው የልጅነት ሕልም አይመስለንም። እሳቸው ግን በትጋት ስለ ሠሩት ዶክተር አክስቴል ወደ ፐርዱ መጥተው እንዲማሩ ጋበዟቸው፤ በዚያም የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በአገሪቱ በተፈጠረው ሁከት ምክንያት 25 ዓመት ያህል ወደ ትውልድ አገራቸው ሳይመለሱ ቀሩ።

ከትምህርት በኋላ ሥራ የያዙት በሱዳን ነው። እዚያ ድርቅን የሚችል ድቅል ማሽላ አወጡ። ስሙ ሐጊን ዱራ 1 ይባላል፤ ለገበሬ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን በሙከራ ማሳ ላይ ከነባሩ ማሽላ ከ50 እስከ 100 በመቶ ብልጫ ያለው ምርት ሰጥቶ ነበር። እስከ 1999 ድረስ ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆን መሬት በዚህ ዘር ታጭዷል። ብዙ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ በቃኝ ይል ነበር።

የሚቀጥለው ሥራቸው አቀንጭራን የተመለከተ ነው። አቀንጭራን የቆላ ገበሬ ያውቀዋል፤ የከተማ ተማሪ ግን ላያውቀው ይችላልና ጥቂት እንግለጸው። አበባው ለዓይን ያምራል፤ ተግባሩ ግን የሌባ ነው። ዘሩ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ አንዱ ተክል በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሳይበሰብስ ይኖራል። ማሽላው ተዘርቶ ሥር ሲሰድ ሥሩ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ለአቀንጭራው እንደ ጥሪ ያገለግለዋል። ያን ጊዜ ይበቅልና ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ምግቡንና ውሃውን ይመጠምጠዋል። ከመሬት በላይ ብቅ ብሎ ገበሬው ሲያየው ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል፤ ማረሙ ብዙም አይጠቅም። ፕሮፌሰር ገቢሳና የፐርዱ ባልደረባቸው ይህን ጥሪ መረመሩ። ጥሪውን እምብዛም የማያሰሙ የማሽላ ዓይነቶች መኖራቸውን አገኙ፤ ያንንም ጠባይ ጥሩ ምርት ወደሚሰጡ ዘሮች አዛወሩት። ከዚህ የወጣው ዘር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለብዙ የአፍሪካ አገሮች ተዳርሷል፤ ለኢትዮጵያም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት እጅ ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያን የተቀበሉት በዚህና ይህን በመሰለ ሥራ ነው።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እናስተያያቸው። አንዱ ዝንባሌያቸው በ13 ዓመት የታየ፣ ሁለተኛው እስከ 23 ዓመት ድረስ የሕይወት ሥራቸውን ስም እንኳ ያልጠሩ ናቸው። አንዱ የማይፈልጉት በሚመስል ትምህርት ውስጥ ያለፉ፣ ሁለተኛው የተከፈተላቸው በር የእርሻ በር ስለ ነበረ በዚያው የገቡ ናቸው። ሁለቱም ቤታቸው ተቀምጠው «እኔ ምንድን ነኝ?» እያሉ ራሳቸውን በመመርመር ብቻ ያገኙት ነገር የለም። አንድ ነገር ከውጭ መጣባቸው፤ ለአንዱ መድረክ፣ ለአንዱ የዘር ከረጢት። ያንን የመጣውን ነገር ከሚገባው በላይ በትጋት ሠሩት። ፍቅሩ ሥራውን ተከትሎ መጣ እንጂ ሥራው ፍቅሩን ተከትሎ አልመጣም ብንል፣ ቢያንስ ስለ ማሽላው የተሳሳትን አይመስለንም።

ይህን ስንል ግን ሰው ከተመደበበት አይነቃነቅ ማለታችን አይደለም። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። በዚያ የነበሩ መምህራን የሥዕል ችሎታቸውን አይተው አበረታቷቸው፤ እሳቸውም ወደ ሥነ ጥበብ ተዛውረው በለንደን በታወቀው የስሌድ ትምህርት ቤት ለመማር በቁ። ማዕድኑን ይዘው ቢቀሩ ኖሮ በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የመስተዋት ሥዕል ዛሬ አናየውም ነበር። ሆኖም አንድ ነገር እናስተውል። እሳቸው ትምህርቱን የለወጡት ሥዕል እወዳለሁ ብለው ስለ ተናገሩ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው አይቶ ሊመሰክርለት የሚችል ሥራ በእጃቸው ነበር። መዛወር የሚያምርበት ሰው የሚዛወርበትን ነገር ጀምሮ የተገኘ ነው። የዛሬ ወጣት መሥሪያ ቤት ሊለቅ ሲነሣ «ምን ልትሠራ ነው?» ብንለው «ገና እየፈለግሁ ነው» ካለን፣ ደመወዙን እየተቀበለ ቢፈልግ ይሻለዋል ብለን እንመክረዋለን።

በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ ሌላ ሥራ መሥራት ይቻላል ወይ የሚለን ቢኖር ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን እንጠቅስለታለን። መምህር ነበሩ፤ በጦርነቱ ዘመቱ፤ ተማርከው በጣሊያን አገር ታሰሩ፤ ከነፃነት በኋላም በውጭ ጉዳይና በአምባሳደርነት ረጅም ዘመን አገለገሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 56 ዓመት ነበር። የ25 ዓመት ጸሐፊ «ጊዜው አለፈብኝ» ሲል ስንሰማ የሚገርመን ስለዚህ ነው።

ከሸነን አገር ሦስተኛ ምስክር እንጨምር። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአምቦ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2008 ድረስ አምስት ዓመት በእስር ቤት ያሳለፈው ገና ተማሪ ሳለ ነው። የመጀመሪያውን አልበሙን ግጥሞች አብዛኞቹን የደረሰው እዚያው እስር ቤት ሆኖ ነበር፤ አልበሙም በተፈታ በዓመቱ በ2009 ወጣ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በ34 ዓመት ዕድሜው አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። እስር ቤት ለማንም የምንመኘው ትምህርት ቤት አይደለም፤ ማንም ወጣት ሙያውን እዚያ እንዲያገኝ ማድረግም ለአገር የሚያኮራ አይደለም። የምንለው፣ ሰው ያልመረጠው ስፍራ ላይ ሆኖም በእጁ ባለው ነገር ይሠራል ነው።

ይህ ጉዳይ የጥቂት ታዋቂ ሰዎች ጨዋታ ሆኖ እንዳይታይብን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። በያንዳንዱ ዓመት በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ወጣት ከአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት በኋላ አልተሳካልህም ተብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። ፈተናው መጥበቁ ስርቆትን ለማስቀረት ነው፤ በዚህ አንቃወምም። የሚያሳስበን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ልጁ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያየው ነገር ጥቁር ሰሌዳና ደብተር ብቻ ከሆነ፣ ፈተናው ሲወድቅበት ሌላ የሚይዘው ነገር ከየት ያመጣል? መዶሻ ጨብጦ አያውቅም፤ ችግኝ አፍልቶ አያውቅም፤ በሰው ፊት ቆሞ ተናግሮ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ልጅ «ዝንባሌህን ፈልግ» ማለት ገበያ ሳይወስዱ «ዕቃ ምረጥ» እንደ ማለት ይቆጠራል። ያላየውን እንዴት ይመርጣል?

ስለዚህ ከላይ ከተነሣው ጥያቄ ውስጥ ግማሹ የወጣቱ ሲሆን ግማሹ የኛ ነው፤ ይልቁንም በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በእርሻ ጽሕፈት ቤት፣ በወጣቶች ጉዳይ የተቀመጡት ወጣት ሹማምንት ነው። የነሱን ሥልጣን ብዙ ሰው ያቃልለዋል። እኛ አናቃልለውም። በአምቦ ያን የ13 ዓመት ልጅ ወረቀት ተቀብሎ «ይታይ» ያለ አንድ ትልቅ ሰው ነበር፤ ስሙን ዛሬ የሚጠራው የለም። በዓለማያም አንድ መምህር ከብዙ ተማሪ አንዱን መርጠው ከእንግዳ ጋር አስተዋወቁ። ይህ የበጀት ነገር አይደለም።

አምቦ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1947 በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረ ነው። በዙሪያውም ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በክረምት ወደ ጊንጪ፣ ወደ ጉደርና ወደ ሸነን ሲመለሱ የቤተ ሙከራ ሥራቸውን ለታናናሾቻቸው ቢያሳዩ፣ የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ በወር አንድ ቀን ዘጠነኛ ክፍሎችን ማሳ ላይ ቢያውል፣ ለልጆቹ አዲስ ነገር ይሆንላቸዋል። ከመቶው ዘጠና አምስቱ ተዝናንተው ይመለሱ ይሆናል። አምስቱ ደግሞ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፤ ባለሙያው ጆሮ መስጠት ያለበት ለእነዚህ ነው።

ወደ ተማሪው ስንመለስ ደግሞ አንድ ሥራ እንሰጠዋለን። በሚቀጥለው ክረምት ከዚህ በፊት ሞክሮት የማያውቀውን አንድ ሥራ ይያዝ፤ የንብ ቀፎ ይሁን፣ የሬድዮ ጥገና ይሁን፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ታሪክ መመዝገብ ይሁን ለኛ ልዩነት የለውም። ሁለት ወር ሙሉ ይሥራው፤ ሲሰለቸውም ቢሆን ይቀጥል፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ሳምንት የማይሰለች ሥራ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከሁለት ወር በኋላ ሥራውን ለአንድ ለሚያውቅ ሰው ያሳይ። ካልሆነለት በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ይሞክር፤ የጠፋበት ነገር የለም።

ለወጣቱ ሹም ደግሞ የምንጠይቀው ከዚህም ያነሰ ነው። በብዙ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ቤቱና የአዳራሹ ቁልፍ በንብረት ክፍል መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይውላል፤ ወንበር ይሰበራል፣ መጋረጃ ይቆሽሻል ተብሎ ይፈራል። ጥቂት ልጆች ተሰብስበው «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ይከፈትልን፤ ቲያትር እንለማመዳለን» የሚል ማመልከቻ ይዘው ሲመጡ፣ ለሦስት ክፍል ሳይመራው በዚያው ቀን ይፈርምበት።